ከአባት ወደ ልጅ የተላለፈው የቤተ መንግሥት ካሜራ

በደርግ ዋዜማ የነበረ ሰው ስለ ቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ ቢጠየቅ የቦያጂያንን ስም ማንሳቱ አይቀርም ነበር። አባትየው ቤድሮስ ቦያጂያን አርመናዊ ናቸው፤ የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1868 በኦቶማን ግዛት ነው። አዲስ አበባ ገብተው የዳግማዊ ምኒልክ ፎቶግራፍ አንሺ የሆኑት በ1905 ገደማ ነው። እሳቸው በ1928 ሲያርፉ ሥራውን ልጃቸው ሃይጋዝ ያዘው፤ ከእሱም ወንድሙ ቶኒ ተረክቦ ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሲሠራ ቆየ።

አርመኖች በዚህ ሙያ መብዛታቸው በአጋጣሚ አይደለም። በኢስታንቡል የሱልጣኖቹ ፎቶግራፍ አንሺዎች አብዱላ ወንድማማቾች አርመኖች ነበሩ። በኢየሩሳሌምም ኋላ ፓትርያርክ የሆኑት የሳዪ ጋራቤዲያን በቅዱስ ያዕቆብ ገዳም ደቀ መዛሙርትን ፎቶግራፍ ያስተምሩ ነበር። አርመኖቹ አዲስ አበባ ሲደርሱ ደግሞ ሃይማኖታቸው ከኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ጋር ተቀራራቢ ስለሆነ እንደ ባዕድ አልታዩም። ምኒልክም ባለሙያን የሚመዝኑት በትውልዱ ሳይሆን በእጁ ሥራ ነው።

ሥራው ራሱ ትዕግሥት ይጠይቅ ነበር። የተነሺው ምስል የሚቀረጸው በመስታወት ላይ ነበር፤ ከዚያ በጨለማ ክፍል በኬሚካል ይታጠብና የፊት መጨማደድ በእርሳስ ይስተካከል ነበር። ባለቀለም ከተፈለገ በብሩሽ ይቀባ ነበር። የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ እውነቱን ብቻ አያነሣም፣ ግርማንም ይጨምራል፤ ይህን እንደ ነውር የቆጠረ የለም።

እነዚህ ምስሎች ዓለምን የዞሩት በፖስታ ካርድ ነው። በ1894 የታዘዙት የኢትዮጵያ የመጀመሪያ ቴምብሮች ፓሪስ ነበር የታተሙት፤ ሀገሪቱ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው ደግሞ በ1908 ነው። ካርዶቹም እንዲሁ ለኅትመት ወደ አውሮፓ ይላኩ ነበር። የጅቡቲው ባቡር አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት ፖስታ የሚጓዘው መጀመሪያ በአጋሰስ ነበር። በዚያው ዘመን በካርቱም የካራካሺያን ወንድማማቾች፣ እነሱም አርመኖች፣ የሱዳንን ፖስታ ካርድ ያሳትሙ ነበር።

ምስል የፖለቲካ መሣሪያም ሆኗል። ልጅ ኢያሱ በ1916 ሲሻሩ፣ በሙስሊም አለባበስ የሚያሳያቸው ፎቶግራፍ ሰልመዋል ከሚለው ክስ ጋር ይነሣል፤ የተቀነባበረ ነው የሚሉም አሉ። ይህን ሳስብ ፎቶ አንሺው በግጥሙ ከሚፈራው አዝማሪ ባላነሰ ይፈራ ነበር እላለሁ።

የቦያጂያኖች የቤተ መንግሥት ሥራ በ1974ቱ አብዮት ከዙፋኑ ጋር አብሮ አበቃ። ብዙው ምስላቸው ግን ዛሬም በመጻሕፍትና በካፌ ግድግዳ ያለ ስማቸው ይታያል። ስለዚህ ጁባም ሆነ አዲስ አበባ ብትኖሩ፣ የአያቶቻችሁ አሮጌ ፎቶ ቤት ውስጥ ካለ በሙጫ አታጣብቁት። ጀርባውን ገልብጡና የስቱዲዮውን ማኅተም አንብቡ፤ ስሙን ጻፉት።