የቆርቆሮ ጣራን ንጹሕ አድርጎ ስለ መጠበቅ

ቤት ያለው ሰው ሁሉ ግድግዳውን ሲያስቀባ፣ በሩን ሲያሳድስ፣ ግቢውን ሲያስጠርግ ይታያል። ጣራውን ግን ውሃ በራሱ ላይ እስኪንጠባጠብ ድረስ ቀና ብሎ የሚመለከተው ጥቂት ነው። ይኸውም ጣራ ከዓይን የራቀ በመሆኑ ነው። ሆኖም ከቤቱ ክፍል ሁሉ ፀሐዩንም፣ ዝናሙንም፣ በረዶውንም ፊት ለፊት የሚቀበለው ጣራው ነው፤ በሥሩ ያለው ሀብትም ሁሉ በእርሱ ደኅንነት የተጠበቀ ነው። ስለዚህ የጣራ ጽዳት ለመልክ ማማር ብቻ የሚደረግ ነገር ሳይሆን፣ የንብረት ጥበቃ መጀመሪያ መሆኑን የቤትም ሆነ የመጋዘን ባለቤት ሁሉ ሊያስብበት ይገባል።

በሣር ክዳን ቤት ይኖሩ የነበሩ አባቶች ክረምት ከመግባቱ በፊት ክዳናቸውን መመርመር ልማዳቸው ነበር። ሣሩ የሳሳበትን ስፍራ ይደርቡበታል፤ የበሰበሰውንም አንሥተው በአዲስ ይተካሉ። ከምድጃ የሚወጣውም ጢስ ሣሩን እያደረቀ ከተባይ ይጠብቀው ነበር። የባቡር ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰና የከባድ ዕቃ ማጓጓዝ ከቀለለ በኋላ ግን የቆርቆሮ ክዳን በከተማው እየተስፋፋ ሄደ። ከቆርቆሮው ጋራም፣ «አንድ ጊዜ ከተመታ ወዲያ ሌላ ሥራ አይፈልግም» የሚል አሳብ አብሮ ገባ። ይህ አሳብ ስሕተት ነው። ሣር ማርጀቱን በግልጥ ያሳያል፤ ቆርቆሮ ግን ጕዳቱን ሸሽጎ ይቈይና ክረምት በመጣ ጊዜ በድንገት ይገልጠዋል።

ነገሩን ለመረዳት ቆርቆሮ ምን እንደ ሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ሞገድ ያለው የብረት ክዳን እ.ኤ.አ. በ1829 በእንግሊዝ አገር ሄንሪ ፓልመር በሚባል መሐንዲስ ተፈለሰፈ። ብረቱን በዚንክ ለብጦ ከዝገት የመጠበቅ ዘዴ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1837 ስታኒስላስ ሶሬል በሚባል ፈረንሳዊ ተገኘ። የቆርቆሮው ዕድሜ እንግዲህ የተመሠረተው በብረቱ ላይ ሳይሆን በላዩ ባለው ስስ የዚንክ ልብስ ላይ ነው። ይህ ልብስ ዝናም ሲመታው ቈይቶ በነፋስና በፀሐይ ሲደርቅ፣ በፊቱ ላይ ግራጫ መሳይ ስስ ሽፋን ያበጃል፤ ሽፋኑም ዚንኩን ይጠብቀዋል። ስለዚህ ንጹሕ ቆርቆሮ ዝናምን አይፈራም። የሚፈራው ዝናሙ ካባራ በኋላ በላዩ የሚቀረውን ርጥበት ነው።

ይህን ርጥበት ይዞ የሚያቈየው ቅጠልና አፈር ነው። አዲስ አበባ በባሕር ዛፍ የተከበበች ከተማ ናት፤ ባሕር ዛፍም ቅጠሉን ዓመቱን ሙሉ ያረግፋል። በበጋ ወራት የመንገዱ አቧራ በጣራው ላይ ይሰፍራል፤ ቅጠሉም ከአቧራው ጋራ ይለወስና ዝናም ሲያገኘው እንደ ረጠበ ስፖንጅ ሆኖ በቆርቆሮው ላይ ይተኛል። በሥሩ ነፋስ ስለማይገባ መከላከያው ሽፋን ሊበጅ አይችልም። በመጀመሪያ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ይታያል፤ ይህም ዚንኩ መበላት መጀመሩን የሚያስታውቅ ምልክት ነው። በዚህ ጊዜ ተጠርጎ ቢደርቅ ጕዳቱ ይገታል። ቸል ቢባል ግን ዚንኩ ያልቅና ቀይ ዝገት ይከተላል፤ ከዚያም ቀዳዳ ይሆናል። በገበያ ላይ ያለው ቆርቆሮ የጌጁ ቍጥር ከፍ ባለ መጠን እየሳሳ የሚሄድ ስለ ሆነ፣ ርካሹን ስስ ቆርቆሮ የገዛ ሰው ለጽዳቱ ይበልጥ መትጋት አለበት።

ሁለተኛው ጕዳት ከአሸንዳ መዘጋት የሚመጣ ነው። አንድ ሚሊሜትር ዝናም በአንድ ካሬ ሜትር ጣራ ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ውሃ ይሆናል። እንግዲህ ስፋቱ 200 ካሬ ሜትር በሆነ መጋዘን ላይ 30 ሚሊሜትር ዝናም ቢወርድ፣ 6,000 ሊትር ውሃ ማለት ነው፤ ይህም ባለ 200 ሊትር በርሜል ሠላሳ ይሞላል። ይህ ሁሉ ውሃ የሚወርድበትን ቱቦ አንድ እፍኝ ቅጠል ሊዘጋው ይችላል። አሸንዳው ሲሞላ ውሃው በግድግዳው ላይ ይወርዳል፤ ግድግዳውም ከጭቃና ከእንጨት የተሠራ ከሆነ ጭቃው ይረግፋል፣ እንጨቱም ከሥሩ ይበሰብሳል።

በንግድ ስፍራ ደግሞ ሱቆች ተያይዘው የተሠሩ በመሆናቸው፣ በሁለት ጣራዎች መካከል አንድ አሸንዳ መኖሩ የተለመደ ነው። ይህ አሸንዳ ሲዘጋ ውሃው ወደ ውጭ ሳይሆን ወደ ውስጥ ይፈስሳል። በሥሩ የተከመረ ሲሚንቶ ቢሆን ይደድራል፤ ስኳርና ጨው ቢሆን ይሟሟል፤ ቡናና እህል ቢሆን ይሻግታል፤ ጨርቅ ቢሆን ይበላሻል። በአንድ ሌሊት የሚጠፋው ዕቃ ዋጋው ጣራውን በሙሉ ከማሳደስ ወጪ ሊበልጥ ይችላል። ከዚህም በላይ ጎረቤታሞች «መጥረግ ያንተ ነበር» በማለት ወደ ክርክር ይገባሉ። ስለዚህ የጋራ አሸንዳ ያላቸው ባለሱቆች ተራ ቢገቡ፣ ቤቱም የኪራይ በሆነ ጊዜ ጣራውን ማን እንደሚያስጠርግ በውሉ ላይ ቢያጽፉ፣ ዕቃቸውንም ጕርብትናቸውንም ያድናሉ።

ጽዳቱ በዓመት ሁለት ጊዜ ሊደረግ ይገባል፤ አንደኛው ክረምት ሳይገባ በግንቦት፣ ሁለተኛው ዝናም ካባራ በኋላ በጥቅምት ነው። በክረምቱም ወራት ብርቱ ዝናም ወይም በረዶ በጣለ ቍጥር አሸንዳውን ማየት መልካም ነው። ሥራው ጣራው ደረቅ በሆነበት ሰዓት መሠራት አለበት፤ ርጥብ ቆርቆሮ ያንሸራትታልና። መሰላሉን ከታች የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል፤ የኤሌክትሪክ ሽቦ በአጠገብ ቢኖር ከእርሱ መራቅ ግዴታ ነው። የሚወጣውም ሰው ሚስማር የተመታበትን መሥመር ተከትሎ፣ ጣውላ አንጥፎ በዚያ ላይ ይራመድ፤ ከሥሩ እንጨት በሌለበት ስፍራ የረገጠ እንደ ሆነ ቆርቆሮው ይጐብጣል፣ ሰውየውም ሊወድቅ ይችላል። ለመጥረግ ለስላሳ መጥረጊያ ይበቃል፤ በአካፋ ወይም በብረት መፋቅ ዚንኩን ይልጠዋልና ክልክል ነው። ነፋስ እንዳይወስደው ተብሎ በጣራ ላይ የሚጫነው ድንጋይ፣ አሮጌ ጎማና ቍርጥራጭ ብረት ሁሉ ርጥበትን ስለሚይዝ መውረድ አለበት፤ የላላውን ቆርቆሮ የሚያጸናው በደንብ የተመታ ሚስማር ነው። ሚስማሩም በሞገዱ ጕብታ ላይ እንጂ ውሃ በሚወርድበት ዝቅታ ላይ አይመታም።

ንጹሕ ጣራ ሌላም ጥቅም አለው። የቧንቧ ውሃ በሚቋረጥበት ቀን ከጣራ የተጠራቀመ ውሃ ለልብስና ለወለል ማጠቢያ ትልቅ እርዳታ ነው። የበጋውን አቧራ ይዞ የሚወርደውን የመጀመሪያውን ዝናም አሳልፎ፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ማጠራቀም ይገባል።

ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው የአንድ ቀን ሥራ፣ አንድ መሰላልና አንድ መጥረጊያ ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ተረት ለጣራም ይሠራል፤ ልዩነቱ ለጣራ መድኀኒቱ ቅጠሉን ማንሣት መሆኑ ብቻ ነው። ሒሳብ ዐዋቂ ነጋዴ በመዝገቡ ላይ ለመጋዘን ጥበቃ ወጪ ሲይዝ፣ ከበሩ ቍልፍና ከዘበኛው ደመወዝ ቀጥሎ የጣራውንም ጽዳት ይጻፍ። ሌባ በበር ይመጣል፤ ዝናም ግን በጣራ ነው የሚገባው።