የመጠጥ ውኃን ከቧንቧ እስከ ኩባያ በንጽሕና ስለ መያዝ

ለልማት ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት

መግቢያ

የአዲስ አበባን የውኃ ፍላጎት ለማሟላት የገፈርሳ ግድብ በ1930ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ፣ የለገዳዲ ግድብ ደግሞ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ተሠርተዋል። ከግድቦቹ የሚወጣው ውኃ በማጣሪያ ጣቢያ ተጣርቶና በክሎሪን ታክሞ ይሠራጫል። ሆኖም ውኃው በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሁሉ፣ በኮልፌ ቀራንዮ እንደሚገኘው ዓለም ባንክ ባለ ሰፈርም ጭምር፣ ቤተሰብ በጀሪካንና በበርሜል አጠራቅሞ ለቀናት መጠቀም ይገደዳል። ስለዚህ ከጣቢያው ንጹሕ ሆኖ የተነሣ ውኃ ከአፍ ሳይደርስ ሊበከል ይችላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ብክለት የሚደርስበትን ቦታና መከላከያውን ማስረዳት ነው።

1. ያልተጠበቀ ውኃ የሚያስከትለው ጉዳት

ኮሌራ፣ የአንጀት ተስቦ፣ አሜባና ጃርዲያ ከበሽተኛ ዓይነ ምድር ወደ ጤነኛው ሰው አፍ ከሚደርሱባቸው መንገዶች ዋነኛው ውኃ ነው። በ2008 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት (አተት) በአዲስ አበባ ተከሥቶ እንደነበር ይታወሳል።

ተቅማጥ የሚገድለው የሰውነትን ውኃና ጨው በማሟጠጥ ነው። ሕፃናት ከአዋቂዎች ፈጥነው ይጎዳሉ። ተቅማጥ የሚመላለስበት ሕፃን ደግሞ ምግብ ስለማይስማማው ይቀነጭራል። በብዙ ድካም የተመረተው እንቁላል፣ ወተትና አትክልት ሳይጠቅመው ይቀራል። የልማት ሠራተኛው ስለ ምርት በሚያስተምርበት ጊዜ ስለ ውኃም ማስተማር የሚገባው በዚህ ምክንያት ነው።

2. ውኃ የሚበከልባቸው ቦታዎች

ሀ) ቧንቧ፦ ውኃ ሲቋረጥ በመሥመሩ ውስጥ ያለው ግፊት ስለሚወርድ፣ በተሰነጠቀ ቧንቧ በኩል በአካባቢው ያለው ፍሳሽ ይገባል።
ለ) ጀሪካን፦ በሚገባ ካልታጠበ ውስጡ ይቆሽሻል፤ ክዳን ከሌለውም አቧራና ዝንብ ይገባበታል።
ሐ) መቅጃ፦ ጣሳ በእጅ ተይዞ በርሜል ውስጥ ሲጠልቅ የእጅ እድፍ ወደ ውኃው ይገባል።
መ) የጉድጓድ ውኃ፦ ከመጸዳጃ ቤት ቢያንስ 30 ሜትር መራቅና ከበላዩ በኩል መሆን አለበት።

የጠራ ውኃ ሁሉ ንጹሕ አለመሆኑን ለኅብረተሰቡ ማስገንዘብ ያስፈልጋል። ጀርም በዓይን አይታይም።

3. በቤት ውስጥ የሚደረግ ጥንቃቄ

የደፈረሰ ውኃ በመጀመሪያ በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ ይጣራ። ከዚያም ይፈላ። በከፍታ ቦታ ውኃ በአነስተኛ ሙቀት ይፈላል፤ በአዲስ አበባ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። በመሆኑም መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ያህል እሳት ላይ ይቆይ። ማገዶ ከቸገረ በውኃ ማከሚያ ክሎሪን፣ በዕቃው ላይ በተጻፈው መጠን መሠረት አክሞ፣ ከመጠጣት በፊት 30 ደቂቃ መጠበቅ ይቻላል። የታከመ ውኃ አፉ ጠባብ በሆነና ክዳን ባለው ዕቃ ይቀመጥ፤ አዘንብሎ መቅዳት እንጂ ነክሮ መጥለቅ አይገባም።

4. የማኅበራት ድርሻ

ትንሹ አቃቂ ወንዝ በከተማዋ ምዕራባዊ ክፍል ሲያልፍ የቤትና የፋብሪካ ፍሳሽ ይቀላቀልበታል። ማፍላት ጀርምን ቢገድልም ከፋብሪካ የሚወጣ መርዝን ስለማያስወግድ የወንዙ ውኃ ቢፈላም ለመጠጥ አይሆንም። የአትክልት ማኅበራት ሰላጣና ቆስጣን በወንዝ አጥበው ለገበያ ከማቅረብ ይቆጠቡ። የወተት ማኅበራትም የወተት ዕቃን በታከመ ውኃ ብቻ ያለቅልቁ፤ በቆሸሸ ውኃ የታጠበ አንድ ዕቃ የብዙ አባላትን ወተት ያበላሻል።

ማሳሰቢያ

ተቅማጥ የያዘው ሕፃን ጡትና ምግብ አይከልከል። ኦ.አር.ኤስ. ካልተገኘ በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ ያልተከመረ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ ቶሎ ቶሎ ማጠጣት ነው። ተቅማጡ እንደ ውኃ የሚወርድ፣ ደም ያለበት ወይም ሕፃኑን የሚያደክም ከሆነ ግን ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።