ኔጋቲቮቹን ከቆርቆሮዋ እናውጣ

በብዙ ቤት ቁም ሣጥን ላይ ማንም የማይነካት አንዲት የብስኩት ቆርቆሮ አለች። በእኛም ቤት ነበረች። አባታችን፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ ፎቶ ባሳጠቡ ቁጥር ኔጋቲቩን በወረቀት ጠቅልለው የሚያኖሩት በእርሷ ውስጥ ነበር። ግድግዳ ላይ የተሰቀሉትን ፎቶዎች ፀሐይ አደበዘዛቸው፤ አልበሙን የጣሪያ ፍሳሽ አበላሸው። የቀረችልን ቆርቆሮዋ ብቻ ሆነች። እናታችን አንድ ቀን «ዓይኔ ሳይደክም የአባታችሁን ፊት አንዴ አሳዩኝ» አሉን።

እኛም ተጣድፈን ስካነር ገዛን። የመሥሪያ ቤት ወረቀት ማንሻ ጠፍጣፋ ስካነር ነበር። ኔጋቲቩን መስታወቱ ላይ አስተኝተን ብንሞክር ጥቁር ቁራጭ እንጂ ሰው አልወጣም። ዕቃው አልተበላሸም፤ ጥፋቱ ሳንጠይቅ መግዛታችን ነው። ውድ አንባብያን፣ እናንተም እንዳትሳሳቱ የተማርነውን እናካፍላችሁ።

ብርሃኑ ከየት ይመጣል?

ወረቀት ብርሃንን ይመልሳል፤ በፊልም ውስጥ ግን ብርሃን ማለፍ አለበት። ስለዚህ ለፊልም የሚሆነው ጠፍጣፋ ስካነር ክዳኑ ውስጥ ሌላ መብራት ያለው፣ ከፊልም መያዣ ጋር የሚሸጥ ነው። ለምሳሌ ኤፕሰን ፐርፌክሽን ቪ600 ወረቀትም፣ 35 ሚሊ ሜትር ፊልምም፣ ሰፊውን 120 ፊልምም ያነሣል። እንደ ፕላስቴክ ኦፕቲክፊልም 8200 ያሉት ደግሞ ለ35 ሚሊ ሜትር ብቻ የተሠሩ ናቸው፤ አጥርተው ያወጣሉ፣ ሌላ ግን አይቀበሉም። እንግዲህ ከግዢ በፊት ቆርቆሮውን ክፈቱና በማስመሪያ ለኩ። አንዱ ምስል 24 በ36 ሚሊ ሜትር ከሆነ 35 ነው፤ ፊልሙ 6 ሳንቲ ሜትር ያህል ወርድ ካለው 120 ነው።

በቁጥር አትታለሉ

ካርቶኑ ላይ 6400 ወይም 7200 ዲፒአይ ተጽፎ ይታያል። ይህ ማሽኑ በአንድ ኢንች ውስጥ የሚቆጥረው ነጥብ ነው፤ ሌንሱ በእውነት ለይቶ የሚያየው ብዙ ጊዜ ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው። ከዚያ በላይ ፋይሉ ይከብዳል እንጂ ፊቱ አይጠራም። የ35 ሚሊ ሜትር ምስል በእውነተኛ 2400 ዲፒአይ ቢነሣ 3400 በ2270 ያህል ነጥብ ይሰጣል። ይህም 19 በ29 ሳንቲ ሜትር የሚያህል ጥሩ ፎቶ ለማሳተም ይበቃል።

አቧራና ጭረት

አንዳንድ ስካነሮች በማይታይ የኢንፍራሬድ ብርሃን አቧራንና ጭረትን ለይተው ያጠፋሉ። ለባለ ቀለም ኔጋቲቭ ትልቅ እፎይታ ነው። በተለመደው ጥቁርና ነጭ ፊልም ግን ምስሉን የያዘው ብር ራሱ ይህን ብርሃን ስለሚጋርድ፣ ማሽኑ ምስሉን ከጭረት ጋር ያምታታል። ስለዚህ ለጥቁርና ነጩ አጥፉት፤ አቧራውን በጎማ መንፊያና በለስላሳ ብሩሽ አራግፉ። በእርጥብ ጨርቅ አትጥረጉ፤ ፊልሙን በጠርዙ ብቻ ያዙ።

ጊዜውንም አስሉ

አንድ ምስል ሁለት ደቂቃ ቢወስድ 36 ምስል ያለው አንድ ጥቅል 72 ደቂቃ ይፈጃል። ስለዚህ አስቀድማችሁ በመስኮት ብርሃን እያያችሁ ምረጡ። ሥራው ካለቀ በኋላ ስካነሩ ሥራ ፈት ስለሚሆን፣ ዘመድ አዝማድ ገንዘብ አዋጥቶ አንድ ቢገዛና ተራ በተራ ቢጠቀም ብልህነት ነው። ዋናውን ምስል በቲፍ፣ ለዘመድ የምትልኩትን በጄፔግ አስቀምጡ፤ ቅጂው ሁለት ቦታ ይኑር። ኔጋቲቩንም አትጣሉ።

እኛ በመጨረሻ ተስማሚውን ስካነር ከዘመድ ተውሰን አባታችንን አወጣናቸው። ከጎናቸው ሦስት ወጣቶች ቆመዋል። እናታችን ሁለቱን በስም ጠሩልን፤ ሦስተኛውን ያውቁ የነበሩት አጎታችን ግን ባለፈው ዓመት አልፈዋል። ስካነር ፊትን ያወጣል፤ ስምን አያወጣም። ስለዚህ ዕቃው እስኪገዛ አትጠብቁ፤ ዛሬውኑ ከእናት ከአባታችሁ ጎን ተቀምጣችሁ፣ ማን ማን እንደሆነ ጠይቃችሁ ጻፉ።