ሁለታችሁ ብቻ ወደ ቦንጋ
ለመጀመሪያ ጊዜ አብረው ለዕረፍት ለሚጓዙ ባለትዳሮች የቀረበ ምክር

ውድ ባለትዳሮች፣ ከሠርጋችሁ ወዲህ ሁለታችሁ ብቻ ሆናችሁ ከቤት ርቃችሁ ያደራችሁባቸውን ቀናት ልትቆጥሩ ትችላላችሁ? ለለቅሶ፣ ለሠርግ፣ ለኮንፈረንስና ለአገልግሎት የሄዳችሁባቸውን አትጨምሩ። ከእኛ መካከል ብዙዎች "አንድም ቀን የለም" ብለን እንመልሳለን። ምክንያቱ ደግሞ ሁልጊዜ የገንዘብ እጥረት አይደለም፤ ዕረፍትን እንደ ቅንጦት፣ አንዳንዴም እንደ ስንፍና ስለምናየው ነው። ይሁን እንጂ ጌታ ኢየሱስ ደቀ መዛሙርቱ ከሰው ብዛት የተነሣ ለመብላት እንኳ ጊዜ ባጡ ጊዜ ለብቻቸው ገለል ብለው ጥቂት እንዲያርፉ እንደጠራቸው በማርቆስ 6፥31 እናነባለን። በዘዳግም 24፥5 ደግሞ አዲስ ያገባ ሰው አንድ ዓመት ሙሉ ከዘመቻ ነፃ ሆኖ ሚስቱን ደስ እንዲያሰኝ ታዝዟል።

ውጭ አገር ያሉ ዘመዶቻችን በትልልቅ መርከቦች ተሳፍረው የሚያደርጉትን የባሕር ሽርሽር በፎቶ እናይ ይሆናል። በእንዲህ ዓይነቱ ጉዞ መኝታው፣ ምግቡና መርሐ ግብሩ በአብዛኛው አስቀድሞ የተከፈለበትና የተሰናዳ ነው። በአገራችን በመኪና የሚደረገውን ጉዞ ግን የሚያሰናዱት ተጓዦቹ ራሳቸው ናቸው። ሁለታችሁ ቁጭ ብላችሁ ካልተመካከራችሁበት ዕረፍት የተባለው ድካም፣ ደስታ የተባለውም ጭቅጭቅ ሊሆን ይችላል። ለምሳሌ እንዲሆነን ወደ ካፋ ዞን ዋና ከተማ ወደ ቦንጋ የሚደረገውን ጉዞ እንመልከት።

ለምን ቦንጋ?

ቦንጋ በ2014 ዓ.ም. በተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል የምትገኝ፣ በኮረብታዎችና በደን የተከበበች ከተማ ናት። 760 ሺህ ሄክታር ያህል ስፋት ያለው የካፋ የተፈጥሮ ጥብቅ ስፍራ በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ ተመዝግቧል። መላው ዓለም በየማለዳው የሚጠጣው የዓረቢካ ቡና መነሻው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን ነው። የካፋ ሰዎች የቡና እናት ማንኪራ ናት ይላሉ፤ ጂማዎች ደግሞ ጮጬን ይጠራሉ። እናንተ በዚህ ክርክር ውስጥ መግባት የለባችሁም፤ በሁለቱም ቦታ ቡናው ይቀርብላችኋል።

ከመነሣታችሁ በፊት

በመጀመሪያ ወጪውን አስሉ። ግንብ ሊሠራ የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ወጪውን እንደሚቆጥር ጌታ በሉቃስ 14፥28 አስተምሯል። ትራንስፖርት፣ አልጋ፣ ምግብ፣ አስጎብኚና መጠባበቂያ ብላችሁ በአንድ ወረቀት ላይ አብራችሁ ጻፉ። ተበድራችሁ አትሂዱ። ዕቁብ ገብታችሁ ወይም በየወሩ ጥቂት ጥቂት አስቀምጣችሁ ከአንድ ዓመት በኋላ ብትሄዱ ይሻላል፤ በዕዳ የተገኘ የአራት ቀን ዕረፍት የብዙ ወር ጭንቀት ይዞ ይመለሳልና።

ሁለተኛው የልጆች ጉዳይ ነው። ልጆቹ ከማን ጋር እንደሚቆዩ ሳይወሰን ከሄዳችሁ እናት በአካል ቦንጋ ብትሆንም ልቧ ቤት ይቀራል። ልጆቹን የሚይዙት አያቶች ወይም እኅት ከሆኑ ቀኑን፣ የምግቡን ወጪና የሐኪም ስልክ አስቀድማችሁ ስጧቸው።

ሦስተኛው የዘመድ ነገር ነው። ቦንጋ ወይም ጂማ ዘመድ ካላችሁ ሆቴል ማረፋችሁ ቅር ሊያሰኛቸው ይችላል። ተደብቃችሁ አትሂዱ፤ ወሬው ይደርሳቸዋል። አስቀድማችሁ ደውሉና ለሁለታችሁ ጊዜ ለመስጠት እንደምትመጡ በአክብሮት ንገሯቸው። ከዚያም አንዱን ከሰዓት በኋላ ለእነርሱ መድቡ፣ ባዶ እጃችሁንም አትግቡ።

መቼና እንዴት?

ካፋ ዝናብ የሚበዛበት አገር ነው። ከመጋቢት ገደማ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ድረስ ሊዘንብ ይችላል። ለጎብኚ የሚሻለው ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ደግሞ ቡና ሲለቀም ታያላችሁ። በበጋም ቢሆን ጃንጥላ፣ ሹራብና ጭቃ የሚችል ጫማ ያዙ።

ከአዲስ አበባ ቦንጋ 460 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ በወሊሶና በወልቂጤ አድርጎ ወደ ጊቤ በረሃ ይወርድና ወደ ጂማ ይወጣል። ከጂማ በኋላ በሸቤ በኩል ወደ ጎጀብ ወንዝ ይወርዳል፤ ወንዙን ሲሻገር የካፋ ምድር ይጀምራል። መኪና የሚያመው ሰው በእነዚህ ጠመዝማዛ ቁልቁለቶች ይፈተናል፤ ስለዚህ ፊት ለፊት ይቀመጥ፣ ከጉዞ በፊት ቀለል ያለ ምግብ ይብላ፣ ሎሚና ፌስታል አይለየው። በአንድ ቀን ለመድረስ ከመጣደፍ ጂማ አድሮ በማግሥቱ መቀጠል ይመረጣል። አቅም ያለው እስከ ጂማ በአውሮፕላን ሄዶ የቀረውን ከ100 ኪሎ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ መንገድ በመኪና ሊጨርስ ይችላል። በየትኛውም መንገድ ብትሄዱ ከመነሣታችሁ በፊት ስለ መንገዱ ወቅታዊ ደኅንነት እዚያ ያሉ ሰዎችን ጠይቁ፤ በጨለማም አትጓዙ።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። ረጅም መንገድ ብዙ ያናግራል። ያልተቋጨ የቤት ክርክር ካለ የጊቤ ቁልቁለት ላይ አታንሡት። ከመነሣታችሁ በፊት ተነጋግራችሁና ጸልያችሁ ጨርሱት፣ ካልሆነም በስምምነት ለሌላ ቀን አቆዩት።

እዚያ ስትደርሱ

በመጀመሪያው ቀን ዕረፉ፤ ከተማዋን በእግር ዙሩ። የብሔራዊ የቡና ሙዚየም የሚገኘው እዚያው ቦንጋ ነው፤ የሚከፈትበትን ሰዓት ጠይቃችሁ ሂዱ። በሁለተኛው ቀን በዞኑ ባህልና ቱሪዝም መሥሪያ ቤት በኩል የአካባቢውን አስጎብኚ ይዛችሁ ወደ ደን ግቡ። የባርታ ፏፏቴና "የእግዚአብሔር ድልድይ" እየተባለ የሚጠራው ሰው ያልሠራው የድንጋይ ድልድይ ይታያሉ። በዛፎቹ ላይ ጉሬዛ ሲዘል ታያላችሁ። የጫካ ቡና ነው ብላችሁ ግን ፍሬውን አትቅጠፉ፤ ባለቤት አለው። ሰዎችንም ሳታስፈቅዱ ፎቶ አታንሡ።

ቆጮ ካልቀመሳችሁ ቅመሱ። ከገበያ ማር፣ ኮረሪማና ጥምዝ ብትገዙ ለቤት ጥሩ ስጦታ ነው። ረቡዕና ዓርብ ብዙ ምግብ ቤቶች የጾም ምግብ ስለሚያቀርቡ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ወደ ጎጀብና ወደ ሌሎች ቆላማ ቦታዎች ከወረዳችሁ ወባ ስላለ አጎበር ባለበት እደሩ፤ ስትመለሱ ትኩሳት ከተሰማችሁ ሳትዘገዩ ተመርመሩ። ገጠር ስትወጡ ዝርዝር ብር ያዙ፣ መብራትና ኔትወርክ ቢጠፋም አትደናገጡ።

እሑድ ከዋላችሁ በቦንጋ መካነ ኢየሱስም ቃለ ሕይወትም ሌሎችም አብያተ ክርስቲያናት አሉ። ከወገኖች ጋር አምልኩ። ነገር ግን "እንግዳ አገልጋይ መጥቷል" ተብሎ ሦስት ቀን የስብከት መርሐ ግብር ቢያዝላችሁ በትሕትና "በሌላ ጊዜ" በሉ። አገልግሎት ክቡር ነው፤ የመጣችሁት ግን የትዳር አጋራችሁን ለመስማት ነው።

ስልካችሁና ልባችሁ

ባል በደኑ መካከል የቢሮ ስልክ ሲያነሣ ቢውል ሚስትም በየሰዓቱ ቤት ስትደውል ብትውል፣ ቦታ ተቀየረ እንጂ ዕረፍት አልተገኘም። በቀን አንድ ሰዓት ወስኑ፤ በዚያ ሰዓት ደውላችሁ ዝጉት። ማታ ማታ አንድ ምዕራፍ አብራችሁ አንብቡና እርስ በርሳችሁ ጠያየቁ፦ ባለፈው ዓመት በእኔ ምክንያት የደከምሽበት ምን ነበር? አንተስ ብቻህን የተሸከምከው ምን ነበር? መልሱን ሳትከላከሉ አድምጡ።

ይህን ስንል ጉዞ የተጎዳ ትዳርን ይፈውሳል ማለታችን አይደለም። በመካከላችሁ ከባድ በደል ወይም ረጅም ኩርፊያ ካለ አስቀድማችሁ ወደ መጋቢያችሁ ወይም ወደምታምኗቸው የትዳር አማካሪዎች ሂዱ። ቦንጋ ለመድረስ አቅም የሌላችሁም ተስፋ አትቁረጡ፤ ልጆቹን ለአንድ ቀን ለጎረቤት አደራ ብላችሁ በቅርብ ወዳለ ወንዝ ዳር ምሳ ቋጥራችሁ ብትሄዱም ቁም ነገሩ ይገኛል። ቁም ነገሩ ለሌላው ሰው ሁሉ የምንሰጠውን ጊዜ ለትዳር አጋራችን አለመንፈጋችን ነው። ስለዚህ ዛሬ ማታ ከእራት በኋላ የቀን መቁጠሪያችሁን አውጡና ቢያንስ አንድ ቀን አብራችሁ ምረጡ።

ጌታ መውጣታችሁንና መግባታችሁን ይባርክ!