የወገብ ድጋፍና አንዲት ካቦ
ወገባችን 5 አንጓዎች ያሉት፣ ወደ ሆድ በኩል ገባ ያለ ምሰሶ ነው። ስንቀመጥ ይህ ቅስት ይቃናል፤ በአንጓዎቹ መካከል ባሉት ዲስኮች ላይ የሚያርፈው ጫናም ይጨምራል። ስዊድናዊው የአጥንት ሐኪም አልፍ ናኬምሶን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በመርፌ የለካው ይህንኑ ጫና ነበር።

በብዙ የመኪና ወንበሮች ቅስቱን የሚጠብቀው ስልት እንደ ብስክሌት ፍሬን ያለ ነው፦ መዘውሩ ሲዞር ካቦ ይሳባል፤ ካቦው በወንበሩ መደገፊያ ውስጥ ያለውን የሽቦ መረብ ወደ ፊት ያጎብጠዋል። (በአየር የሚነፋው ዓይነት ሌላ ጉዳይ ነው።) መዘውሩ አንዳች ሳይከብድ ከተሽከረከረ፣ ወንበሩ እንዲቀየር ከመስማማታችሁ በፊት ካቦውን ጠርጥሩ፤ ወይ ተበጥሷል፣ ወይ ጫፉ ከማያዣው ወጥቷል።

በወንበሩ ጎን ኤርባግ ካለ፣ ሽፋኑ ከመፈታቱ በፊት የባትሪው ገመድ ይነቀል፤ አምራቹ ያዘዘው ጊዜም ይጠበቅ። ይህን የሚዘል ሰው ባይጀምረው እመርጣለሁ። ከዚያ ወዲያ፣ ውፍረቱ ከተመጣጠነ የብስክሌት ካቦ ይተካል። ጫፉን ግን መቋጠር አይበቃም፤ ቋጠሮ በጭነት ይንሸራተታል፤ በብሎን የሚጠብቅ ማያዣ ያስፈልገዋል።