ዘፈን የሸፈነው ሕመም

ቅዱስ ያሬድ በዐፄ ገብረ መስቀል ፊት ቆሞ ሲያዜም፣ ንጉሡ በዜማው ተመስጦ በእጁ የያዘውን ጦር ሳያውቀው በካህኑ እግር ላይ እንደ ተከለው፣ ካህኑም ደሙ እየፈሰሰ ማሕሌቱን እስኪፈጽም ድረስ ሕማሙ እንዳልተሰማው በስንክሳር የተጻፈውን ታሪክ ያልሰማ ምእመን ጥቂት ነው። ለቅዱሱ ይህ የመንፈስ ተመስጦ ነበረ፤ ሆኖም ዜማና ከበሮ በዚህ በሥጋዊው ዓለምም ሕመምን እንደሚሸፍኑ ሐኪሞች ይመሰክራሉ። የሰው ልብ በተነሣሣ ጊዜ አንጎሉ ሕመምን የሚያደበዝዝ ቅመም ስለሚያመነጭ፣ በመድረክ ላይ እግሩ ወለም ያለበት ተወዛዋዥ ቁርጭምጭሚቱ ማበጡን የሚያየው ዘፈኑን ጨርሶ ከወረደ በኋላ ልብሱን ሲለውጥ ነው።

እንዲህ ያለው ድንገተኛ ወለምታ ለዐይን ስለሚታይ ይታወቃል እንጂ፣ ተወዛዋዡን ከሙያው የሚያወጣው ጉዳት አብዛኛውን ጊዜ ቀስ በቀስ የሚጠራቀመው ነው። አጥንትም ጅማትም ሕያዋን ስለ ሆኑ በሥራ ብዛት ጥቂት በጥቂት ይጎዳሉ፣ በዕረፍት ጊዜም ራሳቸውን ይጠግናሉ፤ ጥገናው ጉዳቱን የቀደመ እንደ ሆነ ከቀድሞው ይበረታሉ፣ ጉዳቱ ጥገናውን የቀደመ እንደ ሆነ ግን ጅማቱ ይቆጣል፣ አጥንቱም ፀጉር በሚያህል ስንጥቅ ይሰነጠቃል። ብራይትሃውፕት የተባለ የፕሩስያ ጦር ሐኪም ረጅም ጉዞ የተጓዙ ወታደሮች እግር እንደሚያብጥና እንደሚታመም በ1855 እ.ኤ.አ. ጽፎ ነበር፤ ምክንያቱ የአጥንት ስንጥቅ መሆኑ የተገለጠው ግን ራጅ ከተገኘ በኋላ ነው። በጭፈራ መካከል አጥንት በድንገት የሚሰበርበትም ጊዜ አለ፤ ሰር ሮበርት ጆንስ የተባለው የብሪታንያ የአጥንት ሐኪም ሲጨፍር፣ ተረከዙ ከመሬት ተነሥቶ ሳለ የእግሩን የውጭ ጠርዝ ረግጦ፣ ማንም ሳይመታው በትንሿ ጣት በኩል ያለው አጥንቱ ተሰበረ። ጉዳቱን በራጅ አስመርምሮ በ1902 እ.ኤ.አ. ለሙያ ባልደረቦቹ ስላስረዳ፣ ያ ዐይነት ስብራት እስከ ዛሬ በእርሱ ስም ይጠራል።

በሀገራችን ውዝዋዜ በጥንተ ሥርዓቱ የበዓልና የሠርግ ነበረ፤ ሰው በሣር ወይም በአፈር ላይ እየተፈራረቀ ይጨፍራል፣ የደከመውም ከዳር ቆሞ ያጨበጭባል። የሀገር ፍቅር ማኅበር በ1927 ዓ.ም. ከተቋቋመ፣ ብሔራዊ ቴአትርም በ1948 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ግን ውዝዋዜ የመድረክ ሙያና የዕለት እንጀራ እየሆነ ሄደ፤ በኋላ ዘመን የባህል ምግብ ቤቶች ሲበዙም፣ አንድ ተወዛዋዥ በአንድ ምሽት የብዙ አውራጃ ጭፈራ በየተራ የሚያሳይ ሆነ። ለተመልካች ይህ ደስታ ነው፤ ለአካል ግን ብርቱ ፈተና ነው። የጎንደርና የጎጃም እስክስታ በትከሻና በአንገት ሥር ባሉት ጡንቻዎች ላይ ያርፋል፤ የሸዋ ኦሮሞ ጭፈራ አንገትን በኀይል ያወዛውዛል፤ የጉራግኛ ፈጣን እርምጃ ባትን፣ የተረከዝን ጅማትና ጉልበትን ያደክማል፤ የወላይታው ደግሞ ወገብንና ዳሌን ያሠራል። በየመንደሩ ያደገው ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ አካሉ ለአንዱ ተገርቶለታል፤ የከተማው ተወዛዋዥ ግን አራቱንም፣ ልብስ ለመለወጥ ብቻ በሚበቃ ፋታ፣ በሲሚንቶ ላይ በተነጠፈ ሴራሚክ ላይ ይፈጽማቸዋል። እንዲህ ያለው ወለል የዝላዩን ኀይል መልሶ ወደ እግር ስለሚልከው፣ የማንኛውም የባህል ቤት ባለቤት ለመብራትና ለመጋረጃ ከሚያወጣው ገንዘብ አስቀድሞ ከሥሩ ክፍተት ያለው፣ ጥቂት የሚለምጥ የጣውላ መድረክ ማሠራት ይገባዋል ብዬ አምናለሁ።

ከወለሉም ይልቅ የሚያሳስበኝ የሥራው ወቅት ነው። በ55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናት ሠርግ ስለማይደገስና ዘፈን ስለሚቀንስ፣ ብዙው ተወዛዋዥ በነዚያ ሳምንታት ሥራም ልምምድም ሳይኖረው ይቆያል፤ ከዳግማይ ትንሣኤ ጀምሮ ግን ሠርጉ በአንድ ጊዜ ይጎርፍና፣ ያረፈው አካል ያለ ምንም መሸጋገሪያ ከሠርግ ወደ ሠርግ ይሮጣል። የስፖርት ሐኪሞች አጥብቀው ከሚያስጠነቅቋቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ሥራን በድንገት ማብዛት ነው። ባሕረ ሐሳብ የፋሲካን ቀን አስቀድሞ ስለሚነግረን፣ የቡድን መሪ በጾሙ መጨረሻ ሳምንታት ቀላል ልምምድ አስጀምሮ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ቢጨምር፣ ቡድኑ ለሚያዝያ ዝግጁ ሆኖ ይደርሳል። ጾሙም ራሱ አካልን አይጎዳም፤ ምስር፣ ሽምብራና አተር የሚበላ ሰው ጉልበቱን ይጠብቃል። የሚጎዳው ለመቅጠን ሲባል ከሥራው ያነሰ መብላት ነው፤ በተለይም ሴት ተወዛዋዥ ያለ እርግዝና ልማደ አንስቷ ለወራት የተቋረጠ እንደ ሆነ፣ አጥንቷ እየሳሳ ሊሆን ስለሚችል ሳታፍር ሐኪም ልታማክር ይገባል።

ከመድረክ በፊት ጥቂት ደቂቃ ሰውነትን ማሟሟቅ፣ በሳምንትም ሙሉ የዕረፍት ቀን ማግኘት ዋጋው ትንሽ፣ ጥቅሙ ብዙ ነው። ቁርጭምጭሚቱ አንድ ጊዜ ወለም ያለበት ሰው ዳግመኛ ወለም እንዳይለው በአንድ እግር እየቆሙ ሚዛን የመጠበቅን ልምምድ ሳያቋርጥ ይያዝ። ጉዳት በደረሰ ጊዜ እግሩን ከፍ አድርጎ፣ በፋሻ ለስለስ አድርጎ ጠቅልሎ ማሳረፍ ለጊዜው ይበቃል፤ ትኩስ እብጠትን አጥብቆ ማሸት ግን የውስጥ መድማቱን ያባብሰዋል። አራት እርምጃ መራመድ ያቃተው፣ ወይም የቁርጭምጭሚቱ አጥንት ሲነካ የሚያመው ሰው ወደ ራጅ መሄድ አለበት። ወጌሻ በሀገራችን የተከበረ ባለሙያ ነው፤ ነገር ግን ጠብቆ የታሰረ ቀርከሃ የደም ሥር ዘግቶ እግር ያስቆረጠበት ጊዜ አለና፣ ከማሰሪያው በታች ያሉት ጣቶች የቀዘቀዙ፣ የደነዘዙ ወይም የጠቆሩ እንደ ሆነ ማሰሪያው ሳይውል ሳያድር ይፈታ።

ይህ ሁሉ ምክር ግን «አመመኝ» ያለ ተወዛዋዥ የዚያ ምሽት ደመወዙ የሚቆረጥበት እስከ ሆነ ድረስ ፍሬ አይኖረውም፤ ሕመሙን ይደብቃልና። ስለዚህ የቡድን አለቆችና የምግብ ቤት ባለቤቶች የታመመውን ከነደመወዙ እንዲያሳርፉ፣ ሠርግ ደጋሾችም ተወዛዋዦቹን ያለ ፋታ «ድገሙት» እያሉ እንዳያደክሙ፣ ውኃና መቀመጫም እንዲያዘጋጁላቸው አደራ እላለሁ።