የልዑል ዓለማየሁ የካርድ ምስል

ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር የሚወስደው መንገድ የፎገራን የሩዝ ማሳ ትቶ ሽቅብ ይወጣል። ልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስ በ1853 ዓ.ም. የተወለደው ዳገቱ ላይ ባለችው ደብረ ታቦር ነው። መልኩን የምናውቀው ግን በእንግሊዝ አገር በተነሣቸው ፎቶግራፎች ነው።

ከፎቶግራፍ በፊት የአውሮፓ መኳንንት የወታደር ልጃቸውን መልክ በዝሆን ጥርስ ላይ በቀጭን ብሩሽ ያስሉ ነበር። ሥዕሉ መዳፍ ውስጥ ይገባል፤ ሰውየው ከሞተም አንዳንዴ የራሱ ፀጉር ከጀርባው ይቀመጣል። በ1847 ዓ.ም. ዲስዴሪ የተባለ የፓሪስ ፎቶ አንሺ በአንድ መስታወት ላይ ብዙ ትንንሽ ምስል የማንሣት ዘዴ አስመዘገበ። ፎቶው የሚለጠፍበት ወፍራም ካርድ ቁመቱ 10፣ ስፋቱ 6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነበር። ርካሽ ስለነበር የሠዓሊዎቹን ገበያ ወሰደው።

የመቅደላ ምሽግ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በእንግሊዝ ጦር እጅ ወደቀች፤ የዓለማየሁ አባት ዐፄ ቴዎድሮስ በዚያው ቀን ሕይወታቸውን አጠፉ። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ደግሞ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ ባሕር ሲጓዙ መንገድ ላይ ዐረፉ። በዚያው ክረምት ልጁ በእንግሊዝ ዋይት ደሴት ላይ ንግሥት ቪክቶሪያ ፊት ቀረበ። ፎቶ አንሺዎቹ ጀቤዝ ሂውዝ በካርድ፣ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን በትልቅ መስታወት አነሡት። የዚያን ጊዜ ካሜራ ዘገምተኛ ነበርና ተነሺው ሳይነቃነቅ መቆየት ነበረበት። ቢሆንም የዓለማየሁ ፊት የቀዘዘው በካሜራው ምክንያት ብቻ ነው አልልም። ገና የ7 ዓመት ልጅ ነው፤ እናቱን ከቀበረ ሁለት ወር ቢሆነው ነው።

ኋላ ራግቢ በተባለው ትምህርት ቤት ተማረ፤ ሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤትም ገባ። ኅዳር 1872 ዓ.ም. ሊድስ ከተማ ላይ በሳንባ ሕመም ሲሞት 18 ዓመቱ ነበር። በንግሥቲቱ ፈቃድ ዊንዘር ተቀበረ።

በመስከረም 2016 ዓ.ም. የካፒቴን ስፒዲ ቤተ ሰብ ያቆየው የልዑሉ ፀጉር ለኢትዮጵያ ተመለሰ። ስፒዲ ልጁን ይዞ እንግሊዝ የገባ ሞግዚቱ ነበር። አጽሙን ግን የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት በ2015 ዓ.ም. የሌሎችን መቃብር ሳይነኩ ማውጣት አይቻልም ብሎ ከልክሏል። አጽሙን የማስመለሱ ጥያቄ መቀጠል አለበት። እስከዚያው የእነዚህ ፎቶዎች ጥሩ ቅጂ በደብረ ታቦርና በወረታ ትምህርት ቤቶች ይሰቀል፤ ከሥሩም ስሙና የትውልድ አገሩ በአማርኛ ይጻፍ።